ሁለተኛው ማዳመጥ

ጤነኛ ሕፃን ከተወለደ በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ፣ ልቡ አጠገብ ያለ አንድ የደም ስር ይዘጋል። ሲዘጋ የሚያየው የለም። እናቲቱ በጤና ጣቢያው አንድ ቀን ያህል ቆይታ፣ አጥሚቷን ጠጥታ ወደ ቤቷ ሄዳለች። ሥራው የሚያልቀው ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ ወጣ ባለ ቀበሌ፣ አራስ ቤት ውስጥ ነው። በአዊ ዞን የሕፃናት ሐኪም ሆኜ ስሠራ ከሁሉ በላይ የገባኝም ይኸው ነው፤ በተወለደ ቀን የሚደረገው የልብ ማዳመጥ የሥራው ግማሽ እንኳ አይደለም።

የደም ስሩ ዳክተስ አርቴሪዮሰስ ይባላል፤ ሳይዘጋ ሲቀር ፒዲኤ እንለዋለን። ፅንስ በሳንባው አይተነፍስም። ሳንባው ፈሳሽ ሞልቶት፣ ደም ስሮቹ ተኮማትረው ስለሚቆዩ፣ ከቀኝ ልብ የሚወጣው ደም አብዛኛው ሳንባን ትቶ በዚህ አቋራጭ ወደ ትልቁ ደም ቅዳ፣ ወደ አኦርታ ይሻገራል። አቋራጩን ከፍተው የሚያቆዩት የፅንሱ ደም ኦክስጅን ማነሱና በአብዛኛው ከእንግዴ ልጅ የሚመነጨው ፕሮስታግላንዲን ናቸው። ሕፃኑ ሲያለቅስ ሁለቱም ይለወጣሉ። ሳንባው አየር ይሞላል፤ የደሙ ኦክስጅን ይጨምራል፤ በዳክተሱ ግድግዳ ላይ ያለው ጡንቻ ይህን ሲያገኝ መኮማተር ይጀምራል። እትብቱ ሲቆረጥ የፕሮስታግላንዲኑ ምንጭ ይቋረጣል፤ የተረፈውንም አሁን ብዙ ደም የሚያልፍበት ሳንባ ያጠፋዋል። በወሩ የተወለደ ሕፃን ዳክተስ ከ12 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ደም ማሳለፉን ያቆማል፤ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ደግሞ ጅማት ወደ መሆን ይለወጣል። ያ ጅማት ይህን በሚያነብ ሰው ሁሉ ደረት ውስጥ አለ።

ነፍሰ ጡሮች ለወገብ ሕመም ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከመድኃኒት ቤት ገዝተው እንዳይውጡ አጥብቄ የምለምነውም ለዚህ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ፕሮስታግላንዲንን ይቀንሳሉ፤ በተለይ ከሰባተኛው ወር ወዲህ፣ ሕፃኑ ገና በማሕፀን ሳለ አቋራጩን ሊያጠቡበት ይችላሉ።

እንግዲህ የመዝጊያው ምልክት ኦክስጅን ከሆነ፣ አየር በሳሳበት ደጋ ነገሩ ይዘገያል። በፔሩ የአንዲስ ተራሮች የሠሩ ሐኪሞች ከ50 ዓመት በፊት ጀምሮ እንዳሳዩት፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሚወለዱ ሕፃናት ላይ ፒዲኤ ከቆላው በብዙ እጥፍ ይበዛል። እኛ እዚያ ከፍታ ላይ አይደለንም። ሆኖም እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ ዳንግላ ከ2,100 ሜትር በላይ፤ ያው ዞን ደግሞ ቆላማውን ጃዊን ይዟል። ስለዚህ የጣት ላይ ኦክስጅን መለኪያው ከደጋው ባንጃ በመጣ ሕፃን ላይ ከጃዊው ትንሽ ዝቅ ያለ ቁጥር ቢያሳየኝ ወዲያው አልደነግጥም። የማየው የቀኝ እጁን ከእግሩ ጋር ነው። የእግሩ ከሦስት በመቶ በላይ ካነሰ፣ ደግሜ ለክቼም ካልተለወጠ፣ ወደ ቤት አይሄድም። አንዳንዱ ሕፃን በልቡ አፈጣጠር ምክንያት በዚህ አቋራጭ ብቻ የሚኖር ነውና፣ ለሌላው ጤና የሆነው መዘጋት ለእሱ ሞት ነው፤ አንደኛው ቀን ቀይ ሆኖ ጠብቶ፣ ሦስተኛው ቀን ይገረጣል።

ወደ ማዳመጡ ልመለስ። በመጀመሪያው ቀን ክፍት ዳክተስ ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም። ድምፅ የሚወጣው ደም ከከፍተኛ ግፊት ወደ ዝቅተኛ ሲሮጥ ነው፤ ያን ዕለት ግን የሳንባው ግፊት ከአኦርታው ብዙ አያንስም። በሳምንታት ውስጥ ሲወርድ ነው ደሙ ወደ ሳንባ እየተመለሰ፣ መርመር የምንለው ያልተለመደ የልብ ድምፅ የሚሰማው። በደጋ ይህ መውረድም ቀስ ይላል። በመሆኑም በተወለደበት ቀን «ልቡ ደህና ነው» ተብሎ የተጻፈ ካርድ ስለዚያ ቀን ብቻ ይናገራል።

ሁለተኛው ማዳመጥ በስድስተኛው ሳምንት ክትባት ላይ መሆን አለበት እላለሁ። ለምርመራ ብቻ ብንቀጥራት የማትመጣ እናት ለክትባት ዝናብ እየዘነበም አዝላ ትመጣለች። ከመርፌው በፊት፣ ሕፃኑ ጡት ላይ እያለ፣ ማዳመጫውን በመዳፌ አሙቄ በግራ በኩል ከአንገቱ ሥር ካለው አጥንት ታች አሳርፈዋለሁ። ጊዜ ይፈልጋል፤ የተሰለፈው ሰው ብዛት እንዳያስቸኩለኝ በሩን እዘጋለሁ። የጎለመሰው ድምፅ ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ ነው፤ ያይላል፣ ይለዝባል፣ አይቋረጥም። የኤድንብራው ጆርጅ ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1900 ስለገለጸው በስሙ ይጠራል። በጨቅላ ላይ ግን ሙሉው ስለማይወጣ፣ ከጆሮዬ ይልቅ ጣቴን የማምንበት ጊዜ አለ። የእግሩን የደም ትርታ እዳስሳለሁ፤ ትርታው ዘሎ ጣቴን ከመታኝ፣ በመዳፉም ላይ ከተሰማኝ ጥርጣሬዬ ይጠነክራል።

ከጣትም በላይ እናቲቱ አለች። አማርኛ ለከበዳት በአዊኛ የሚጠይቅልኝ ባልደረባ አጠገቤ ይቀመጣል። ጥያቄው «ልጅሽ ታሟል ወይ?» አይደለም፤ «ሲጠባ ግንባሩን ያልበዋል? እየጠባ ያርፋል? ከታላቁ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ይቆይበታል?» ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ የሚመጣው ከአያቲቱ ነው። «ጡት ሲይዝ ይደክመዋል፣ ልጄ» ካሉኝ ሚዛኑን እንደገና አያለሁ።

ያለ ወሩ ለተወለደ ሕፃን ነገሩ ሌላ ነው። የዳክተሱ ጡንቻ ለኦክስጅን ገና አልበሰለም፤ አይቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል ሊረዳው ይችላል፣ ብዙውም በትዕግሥት በራሱ ይዘጋል። በወሩ ተወልዶ ለወራት የዘለቀን ግን መድኃኒት አይዘጋውም። ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ ለኤኮ፣ ማለትም ለልብ አልትራሳውንድ እልከዋለሁ። መዝጋቱ ቀዶ ሕክምና ወይም በእግር ደም ስር የሚገባ መድፈኛ ይፈልጋል። ሮበርት ግሮስ ቦስተን ውስጥ የመጀመሪያውን በተሳካ ሁኔታ ያሰረው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1938 ነው። በአገራችን ዶክተር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናትን ለመርዳት እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመሩት ሥራ፣ በ2009 አዲስ አበባ በሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከል ወልዷል። ከእንጅባራ አዲስ አበባ ለደረሰች እናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከፊቷ አንብቤዋለሁ።

ቤተሰብ «ልጁ ይጫወታል፣ ይስቃል፤ ለምን እንንከራተት?» ሲለኝ አልቆጣም። ትንሹ ፒዲኤ በእርግጥ ለዓመታት ዝም ሊል ይችላል። ትልቁ ግን የሳንባውን ደም ስሮች ቀስ በቀስ ያደነድናል፤ ግፊቱ ከአኦርታው ጋር ሲስተካከል መርመሩ ይጠፋል፤ ከዚያ ሲያልፍ ኦክስጅን ያነሰው ደም ወደ ታችኛው አካል ይሻገራል፣ ያኔ መዝጋቱም አይቻልም። ስለዚህ በሕፃንነቱ መርመር የነበረው፣ ሕክምና ያላገኘ ልጅ አድጎ ድምፁ ጠፍቶ ከመጣ፣ ካርዱ ላይ «ድኗል» ብዬ አልጽፍም። ጫማውን አስወልቄ የእግሩን ጣቶች ከእጁ ጣቶች ጋር አስተያያለሁ፤ መለኪያውንም ከእግሩ ጣት ላይ አደርጋለሁ።