መቀባበልና ተራ መጠበቅ

በፎገራ ሜዳ፣ በወረታ ዙሪያ፣ ገበሬው በደቦ ሲሠራ አውራጁ ያወጣል፤ ተቀባዮች ይመልሳሉ። ምላሹ ሲላላ አውራጁ ስንኙን ይለውጣል፤ ሲጠነክር ያስረዝመዋል። እንግዲህ የዜማውን ርዝመት የሚወስነው መደማመጥ ነው።

በጥቂት ተጫዋቾች የሚቀርበው ጃዛችን ከዚህ ምን ተማረ? ሙላቱ አስታጥቄ በቦስተኑ በርክሊ ተምረው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ሐርሞኒ ጋር አዋሕደዋል፤ ውለታቸው ታላቅ ነው። ይሁን እንጂ «የከርሞ ሰው»ን የመሰሉ ሥራዎች ቅርፅ የታወቀ ነው፦ የትንፋሽ መሣሪያዎች ዋናውን ዜማ ያሰማሉ፤ ተጫዋቾች በየተራ በቅጽበት ይፈጥራሉ፤ ዜማው ተመልሶ ይዘጋል። ይህ ለአጭር ሸክላ ይበቃል፤ ለረዥም ድርሰት ግን አይበቃም። ተራ መጠበቅ መቀባበል አይደለምና።

እ.ኤ.አ. በ1952 የተመሠረተው የአሜሪካው ሞደርን ጃዝ ኳርቴት አባላት አራት ብቻ ነበሩ። ሆኖም በጆን ሉዊስ ድርሰቶች ፒያኖው የቫይብራፎኑ አጃቢ ብቻ ሳይሆን መላሽም ነው።

የእኛ ደራስያን ለዚህ ባሕር መሻገር አያሻቸውም። ቀጣዩ ሐረግ ከቀደመው ምላሽ ይወለድ፤ ያን ጊዜ ርዝመት ድግግሞሽ መሆኑ ቀርቶ እድገት ይሆናል። የሙዚቃ መምህራንም ተማሪዎቻቸውን አውራጁን ብቻ ሳይሆን ተቀባዩንም እንዲያዳምጡ ያስተምሩ።