ተራኪው ዳኛ አይደለም

«ፍቅር እስከ መቃብርን አንብበሃል?» ተብሎ ሲጠየቅ «አላነበብኩትም፤ ግን ወጋየሁ ሲተርከው ሰምቼዋለሁ» የሚል ሰው በየቤታችን አይጠፋም። ብዙዎች ይህን የሚሉት እንደ ማመካኛ፣ በትንሹ አፈር ብለው ነው። እኔ ግን የሚያሳፍር መልስ ነው ብዬ አላምንም። የክቡር ዶክተር ሀዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ በ1958 ዓ.ም. ታተመ። የመድረክ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ደግሞ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው ዝግጅት ተረከው። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉ ሁለት ሕይወት አለው፤ አንዱ በወረቀት ላይ፣ ሌላው በአንድ ሰው ድምፅ ውስጥ። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችና አባቶች ከሰብለ ወንጌል ጋር የተዋወቁት፣ ለበዛብህ ያለቀሱት፣ በጉዱ ካሣ ነገር የተከራከሩት በዚህ በሁለተኛው በር ገብተው ነው።

ዛሬ ትረካ ከሬዲዮ ወጥቶ ኪሳችን ውስጥ ገብቷል። በዩቲዩብና በቴሌግራም የሚተረኩ ልብ ወለዶችን ታክሲ ውስጥ፣ ልብስ ስናጥብ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለን እንሰማለን። ስለ ሰማነው ስንነጋገር ግን ብዙ ጊዜ ከሁለት ቃል አናልፍም፤ «ድምፁ ያምራል» ወይም «ድምፁ አይመችም»። ይህ ለዘፈን እንኳ የማይበቃ ሂስ ነው። የሚያምር ድምፅ ይዞ መጽሐፍ የሚገድል ተራኪ አለ፤ ድምፁ ሻካራ ሆኖ ሰዎቹን በሕይወት የሚያቆምልን ተራኪም አለ። ታዲያ ተራኪን በምን እንመዝነው?

መጀመሪያ ሥራው ምን እንደ ሆነ እንይ። አማርኛችን ተራኪውን ከቃሉ ጀምሮ ውሳኔ ይጠይቀዋል፤ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይምና። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። «ይሰማል» ላልቶ ሲነበብ የሚያዳምጥ ሰው አለ፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ የሚደመጥ ድምፅ አለ። በዓይኑ የሚያነብ ሰው ይህን ሳያስተውለው ያልፋል፤ ጮክ ብሎ የሚያነብ ግን አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ከቃል ወደ ዓረፍተ ነገር ስንሻገር ምርጫው ይከብዳል። «መጣህ?» የሚለውን አንድ ቃል እናት በደስታ፣ ባለዕዳ በፍርሃት፣ የተቀየመ ወዳጅ በወቀሳ ሊለው ይችላል። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ያው ቃልና ያው የጥያቄ ምልክት ነው። የቀረውን የሚሞላው ተራኪው ነው።

እንግዲህ ተራኪ ይህን የሚያህል ሥልጣን ካለው፣ እኔ የምመዝነው ሥልጣኑን እንዴት እንደ ተጠቀመበት በማየት ነው። ለገጸ ባሕርያቱ ሁሉ የሚገባቸውን ድምፅ ሰጣቸው? ወይስ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ፈረደባቸው?

ጉዱ ካሣን እንውሰድ። የአካባቢው ሰው እንደ እብድ ይቆጥረዋል፤ «ጉዱ» የሚለው ስምም ይህንኑ ይናገራል። እርሱ ግን ሌሎቹ የማያዩትን በማኅበራቸው ሥርዓት ላይ ያለውን ስንጥቅ ያያል። እዚህ ላይ ተራኪውን ሁለት ወጥመድ ይጠብቀዋል። ካሣን እንደ እብድ ቢያስጮኸው አድማጩ ከመንደሩ ጋር አብሮ ይስቅበታል፤ የሚናገረውም ነገር ሚዛን ያጣል። እንደ ነቢይ በከባድ ድምፅ ቢያናግረው ደግሞ አድማጩ ያለ አንዳች ድካም ከጎኑ ይቆማል፤ «እኔ በዚያ መንደር ብኖር ኖሮ አልስቅበትም ነበር» እያለም ራሱን ያመሰግናል። ሁለቱም ዘንድ አድማጩ ማሰብ አላስፈለገውም፤ ድምፁ አስቦለታል።

የወጋየሁ ትረካ ለእኔ ከፍ ያለ ቦታ የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው። ካሣ ሲናገር የምሰማው የሚናገረውን ከልቡ የሚያምን ሰው ነው። አበደ ወይስ በሳል ነው የሚለውን የምወስነው እኔ ነኝ፤ ያውም ደግሜ ደጋግሜ ካሰብኩበት በኋላ።

ፊታውራሪ መሸሻም እንዲሁ ናቸው። በዘራቸው የሚመኩ፣ ለልጃቸው እኩያ የሚሆን ዘር አላገኝ ብለው ዕድሜዋን የሚያሳልፉባት፣ በገበሬው ላይ ቀንበር የሚያከብዱ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው በድምፅ መቅጣት ቀላል ነው፤ ጉሮሮን አጎርንኖ፣ ክፉ ሳቅ ጨምሮ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንድንጠላቸው ማድረግ ይቻላል። ግን እኚህ ሰው አባትም ናቸው። ትዕቢታቸው የሚያስቅበት ቦታ አለ፤ የሚያሳዝንበትም ቦታ አለ። በድምፁ ጭራቅ ያደረጋቸው ተራኪ የእኛን መንገድ ያቀልልናል፤ ጭራቅ የሆነ ሰው ከእኛ ጋር አይመሳሰልምና። ሰው ሆነው ከተተረኩልን ግን የእርሳቸው ትዕቢት ታናሽ ወንድም በእኛም ቤት እንዳለ እናስተውላለን።

ከመጽሐፍ ቅዱስ የምናውቀው አንድ ተራኪ ይህን ምስጢር ያውቅ ነበር። በ2ኛ ሳሙኤል 12 ላይ ናታን ወደ ንጉሥ ዳዊት ገብቶ የሀብታሙን ሰውና የድሃውን የአንዲት በግ ታሪክ ሲነግረው፣ ዳዊት ታሪኩ ስለ ማን እንደ ሆነ ሳያውቅ ተቆጥቶ ፈረደ። ናታን ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ድምፁን የወቃሽ ድምፅ ቢያደርገው ኖሮ ምን ይፈጠር እንደ ነበር አስቡት። ንጉሡ ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ነቅቶ ልቡን በዘጋ ነበር። ናታን ታሪኩን ነገረ፤ ፍርዱን ለአድማጩ ተወ። ወቀሳው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ዛሬ ከምሰማቸው ትረካዎች በርካቶቹ ይህን ትዕግሥት ያጡ ይመስለኛል። ሦስት ነገሮችን ልጥቀስ።

አንደኛው ማጀቢያ ሙዚቃ ነው። ልጅቱ ደብዳቤውን ገና ስትከፍት ዋሽንት ማልቀስ ይጀምራል። ደብዳቤው ምን እንደሚል ሳንሰማ ማዘን እንዳለብን ታዘናል። ሙዚቃ በምዕራፍ መካከል ዕረፍት ቢሰጥ መልካም ነው፤ ከቃሉ ቀድሞ ሲሮጥ ግን ቃሉን ሥራ ያስፈታዋል።

ሁለተኛው የሚያለቅስ ተራኪ ነው። ገጸ ባሕርይዋ እንባዋን ዋጥ አድርጋ «ደህና ነኝ» ትላለች፤ ተራኪው ግን ሲንሰቀሰቅ ይሰማል። ደራሲው በዝምታ የጻፈውን እርሱ በለቅሶ ሰረዘው። ሐዘኗን የደበቀች ሴት ከተዘረገፈችው ይልቅ ልብ የምትነካ መሆኗን ከእናቶቻችን ፊት የተማርነው ነገር ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይብስብኛል። የገጠር ሰው ሲመጣ፣ ወይም አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው ሲናገር፣ ተራኪው አነጋገሩን ለሳቅ ያጣምመዋል። ሰውየው በመጽሐፉ ውስጥ ብልህ ሊሆን ይችላል፤ በትረካው ውስጥ ግን መቀለጃ ሆኖ ይቀራል። የአካባቢን ዜማ ማሰማት አንድ ነገር ነው፤ ለጎጃም ሰው የጎጃምን ለዛ መስጠት መጽሐፉን ያከብረዋል። ማላገጥ ግን ሌላ ነው። በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ከልዩ ልዩ ቋንቋ የመጣን ወጣቶች አብረን እንቀመጣለን። በጆሯችን የለመድነው ሳቅ ነገ ከጎናችን የተቀመጠው ወንድም ሲጸልይ ከአፋችን እንዳያመልጥ እሰጋለሁ።

«ታዲያ ተራኪው እንደ ዜና አንባቢ ደርቆ ያንብብ ነው የምትለው?» የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። ደረቅ ንባብም አድልዎ ነው፤ ሰዎቹን ሁሉ አንድ ሰው ያደርጋቸዋልና። የምፈልገው ተራኪ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የተለየ ትንፋሽ፣ የተለየ ፍጥነት የሚሰጥ፣ ነገር ግን ከአንዳቸውም በላይ የማይቆም ነው። «አንቱ» ስትባል የምትደሰተውን ሴትና «አንተ» ሲባል የሚጎመዝዘውን ሰው ከድምፁ ልለያቸው ይገባል፤ ማንን መውደድ እንዳለብኝ ግን ከድምፁ መስማት አልሻም።

በሌላ በኩል የማዳመጥን ወሰን አለመናገር አድልዎ ይሆናል። አንባቢ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሞ ግማሽ ሰዓት ሊያስብ ይችላል፤ ትረካ ግን ይዞን ይሄዳል። ወጋየሁን የሰማ ሰው በኋላ መጽሐፉን ሲገልጥ የራሱን ካሣ ማግኘት ይቸግረዋል፤ የወጋየሁ ድምፅ ቀድሞ ተቀምጧላ። ስለዚህ ምክሬ ሁለቱንም በሮች ተጠቀሙ የሚል ነው። የወደዳችሁትን ትረካ መጽሐፉን ፈልጋችሁ አንብቡት፤ ከተራኪው ጋር የማትስማሙበትን ቦታ ምልክት አድርጉበት። ፍጥነቱን ጨምረው በአንድ ቀን የሚጨርሱትንም ቆም በሉ እላቸዋለሁ። ሲፈጥን መጀመሪያ የሚጠፋው በሁለት ንግግሮች መካከል ያለው ዝምታ ነው፤ ገጸ ባሕርዩ የሚያስበው ደግሞ በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።

ለየወጣት ኅብረቶቻችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። ከምትወዱት ልብ ወለድ ምልልስ ያለበትን አንድ ገጽ ምረጡ። ሁለት ሰዎች ተራ በተራ፣ አንዱ ሌላውን ሳይሰማ፣ ጮክ ብለው ያንብቡላችሁ። ከዚያ ተነጋገሩ፤ በማን ንባብ የትኛው ሰው ተጎዳ? በማን ንባብ የትኛው ሰው ያለ ሥራው ተመሰገነ? ልዩነቱ ያስገርማችኋል። በጉባኤ ቃሉን የሚያነብቡ ወጣቶች ደግሞ ከዚህ ልምምድ ይበልጥ ይጠቀማሉ። በሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ፊልጶስ ወደ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሠረገላ ሲጠጋ የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብብ ሰማው። ሰውየው ድምፁን አሰምቶ ባያነብ ኖሮ ፊልጶስ ለጥያቄው መነሻ አያገኝም ነበር።

ትረካ ሲያልቅ፣ ስልካችሁን ከማስቀመጣችሁ በፊት፣ ከገጸ ባሕርያቱ መካከል በጣም የጠላችሁትን ሰው አስቡት። ከዚያ አንድ ነገር ጠይቁ፤ የጠላሁት በሠራው ነው ወይስ በተሰጠው ድምፅ? መልሱ «በድምፁ» ከሆነ፣ ያ ሰው ገና አልተደመጠም። መጽሐፉን አንሡና ቃሉን ከራሱ አፍ ስሙት።