ወጥ መልመጃና ስብጥር መልመጃ፤ ስለ ሒሳብ ማስተማሪያ ዘዴ የተደረገ አንድ ጥናት ሲመዘን

ስለ ሒሳብ ትምህርት አሰጣጥ የሚነሣው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ነገሮች ላይ ያተኩራል። አንደኛው ተማሪው ምን ይማር የሚለው የሥርዓተ ትምህርቱ ይዘት ሲሆን፣ ሁለተኛው መምህሩ እንዴት አድርጎ ያስረዳ የሚለው የገለጻ ስልት ነው። ከነዚህ ጎን ለጎን ሊታይ የሚገባው ሦስተኛ ጉዳይ አለ። ይኸውም ተማሪው ከገለጻው በኋላ የሚሠራቸው መልመጃዎች በምን ቅደም ተከተል ይደርደሩ የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ እንደ ቀላል የአዘጋጅ ሥራ እየተቆጠረ ሲታለፍ ቆይቷል። ዳሩ ግን ተማሪ ሒሳብን የሚማረው በመስማት ብቻ ሳይሆን ይበልጡን በመሥራት እንደ መሆኑ መጠን፣ የመልመጃው አደራደር ከገለጻው ባላነሰ ሁኔታ ሊመረመር ይገባዋል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመዝነው ዴቪድ ሮረር፣ ሮበርት ዴድሪክና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ ክፍለ ግዛት አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተሙትን ጥናት ነው። ዓላማችን ጥናቱን ለማወደስ ወይም ለመንቀፍ ሳይሆን፣ ያረጋገጠውን ካላረጋገጠው ለይቶ ለመምህራንና ለመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች የሚበጀውን ለማመልከት ነው።

የጥናቱ ይዘት

የጥናቱን ፍሬ ነገር ለመረዳት አስቀድሞ ሁለቱን የመልመጃ ዓይነቶች መለየት ያስፈልጋል። ወጥ መልመጃ የምንለው በአንድ ዘዴ ብቻ የሚፈቱ ጥያቄዎች ተከታትለው የሚቀርቡበትን አደራደር ነው። ስብጥር መልመጃ የምንለው ደግሞ በዕለቱ ከተሰጠው ትምህርት የወጡ ጥያቄዎች ቀደም ብለው ከተሰጡ ልዩ ልዩ ትምህርቶች ከወጡ ጥያቄዎች ጋር ተቀላቅለው የሚቀርቡበትን ነው።

በጥናቱ 54 የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ ክፍሎች ተካፍለዋል። የትኛው ክፍል በየትኛው አደራደር እንዲሠራ የተወሰነው በዕጣ ነበር። አራት ወር ለሚያህል ጊዜ አንደኛው ወገን ወጥ መልመጃ፣ ሌላው ወገን ስብጥር መልመጃ ሲሠራ ከቆየ በኋላ፣ ሁለቱም ወገኖች አንድ ዓይነት የክለሳ መልመጃ እንዲሠሩ ተደረገ። ከአንድ ወር በኋላም ተማሪዎቹ አስቀድሞ ያልተነገራቸው ፈተና ተሰጣቸው። በዚህ ፈተና በስብጥር መልመጃ የተማሩት በአማካይ 61 በመቶ ሲያገኙ፣ በወጥ መልመጃ የተማሩት ያገኙት 38 በመቶ ነው። በሁለቱ ወገኖች መካከል የ23 ነጥብ ልዩነት ታየ ማለት ነው። ይህም ልዩነት የተገኘው አዲስ መጽሐፍ ሳይታተም፣ ለመምህራኑም የተለየ ሥልጠና ሳይሰጥ መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል።

ልዩነቱ ከምን ይመነጫል?

አንድ የሒሳብ ጥያቄ ከተማሪው ሁለት ነገሮችን ይጠይቃል። የመጀመሪያው የትኛው ዘዴ እንደሚያስፈልግ መምረጥ ነው። ሁለተኛው የመረጡትን ዘዴ በትክክል መሥራት ነው። ወጥ መልመጃ የሚያለማምደው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ምርጫውን የምዕራፉ ርዕስ ራሱ ለተማሪው ጨርሶለታል።

ይህን በምሳሌ እንመልከት። «አምስት ሠራተኞች አንድን ቦይ በ12 ቀን ቆፍረው ይጨርሳሉ፤ አሥር ሠራተኞችስ በስንት ቀን ይጨርሱታል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ 6 ቀን ነው። «አምስት ሠራተኞች በአንድ ቀን 12 ሜትር ቦይ ይቆፍራሉ፤ አሥር ሠራተኞችስ በአንድ ቀን ስንት ሜትር ይቆፍራሉ?» ለሚለው ግን መልሱ 24 ሜትር ነው። ቁጥሮቹ አንድ ናቸው፤ ቃላቱም ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው። የመጀመሪያው ግን ኢርቱዕ ወደረኝነትን፣ ሁለተኛው ርቱዕ ወደረኝነትን የሚመለከት ነው። «ኢርቱዕ ወደረኝነት» በሚል ርዕስ ሥር እንደ መጀመሪያው ያሉ አሥር ጥያቄዎች ተከታትለው ሲቀርቡለት፣ ተማሪው ከሁለተኛው ጥያቄ ጀምሮ ዐረፍተ ነገሩን ማንበብ አያስፈልገውም። ቁጥሮቹን እየለቀመ በተለመደው ቦታ ማስገባት ብቻ ይበቃዋል። አሥሩንም ትክክል ይሠራል፤ መምህሩም ደስ ይለዋል። ሁለቱ ዓይነት ጥያቄዎች ያለ ርዕስ በአንድ ወረቀት ላይ በተገናኙ ጊዜ ግን ያው ተማሪ ግራ ይጋባል።

እዚህ ላይ የሮረርና የኬሊ ቴይለር የቀድሞ ሙከራ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመው በዚህ ሙከራ የኮሌጅ ተማሪዎች የልዩ ልዩ ጠጣር ቅርጾችን ይዘት ማስላት ተምረው ነበር። በልምምዱ ጊዜ በወጥ መልመጃ የሠሩት 89 በመቶ፣ በስብጥር የሠሩት 60 በመቶ አገኙ። ከአንድ ሳምንት በኋላ በተሰጠው ፈተና ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ የመጀመሪያዎቹ ወደ 20 በመቶ ሲያሽቆለቁሉ፣ የኋለኞቹ 63 በመቶ አግኝተዋል። በሙከራው የተካፈሉት ተማሪዎች ጥቂት ስለ ነበሩ ቁጥሮቹን ብቻቸውን እንደ መጨረሻ ማስረጃ መውሰድ አይገባም። ከትልቁ የ2020 ጥናት ጋር ተያይዘው ሲታዩ ግን የሚያመለክቱት ነገር ግልጽ ነው። በዕለቱ የሚታየው የተማሪ ክንውን ስለ ዘለቄታው ዕውቀት ትክክለኛ ምስክር አይሆንም።

የጥናቱ ጥንካሬ

የ2020ው ጥናት ከብዙ የትምህርት ምርምሮች የሚለይበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፣ ሙከራው የተካሄደው በቤተ ሙከራ ሳይሆን መደበኛ መምህራን በሚያስተምሩባቸው መደበኛ ክፍሎች ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ ተመራማሪዎቹ ምን እንደሚለኩና እንዴት እንደሚለኩ አስቀድመው ስላስመዘገቡ፣ ውጤቱን ካዩ በኋላ የሚስማማቸውን መርጠው አቅርበዋል ተብለው አይጠረጠሩም። ሦስተኛ፣ የመምህራኑ አስተያየት የተጠየቀው የፈተናው ውጤት ከመታወቁ በፊት፣ ስማቸውም ሳይገለጽ ነው፤ የሰጡትም አስተያየት ዘዴውን የሚደግፍ ነበር።

ጥናቱ ያልመለሳቸው ጥያቄዎች

ይህ ሁሉ ቢሆንም ጥናቱ ያለ ጥያቄ ሊታለፍ አይገባም። የመጀመሪያው ጥያቄ የምክንያቱ ነው። መልመጃዎች ሲሰባጠሩ አንድ ዓይነት ጥያቄዎች መቀላቀላቸው ብቻ ሳይሆን በጊዜም መራራቃቸው አይቀርም። በጊዜ የተራራቀ ልምምድ ደግሞ በራሱ ትውስታን እንደሚያጠነክር ከረዥም ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው። ስለዚህ ከ23ቱ ነጥብ ስንቱ ከመሰባጠር፣ ስንቱ ከመራራቅ እንደ መጣ ከዚህ ጥናት ብቻ ለይቶ መናገር አይቻልም። ቴይለርና ሮረር እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ሌላ ሙከራ መራራቁን ለሁለቱም ወገኖች እኩል አድርገው ሲፈትኑ፣ ስብጥሩ ለብቻው በማግሥቱ የተሰጠውን የፈተና ውጤት በእጥፍ ማሳደጉን አሳይተዋል። ይህ ጥርጣሬውን ያቀልለዋል እንጂ ጨርሶ አያስወግደውም።

ሁለተኛው ጥያቄ የጀማሪውን ተማሪ ይመለከታል። ዘዴውን ገና ያልጨበጠ ተማሪ ከየትኞቹ ዘዴዎች መካከል ይመርጣል? ጆን ስዌለርና ግርሃም ኩፐር በአውስትራሊያ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተሙት የአልጀብራ ጥናት እንዳሳየው፣ ጀማሪዎች ጥያቄ እየፈለጉ ብቻቸውን ከሚታገሉ ይልቅ በደረጃ ተሠርተው የቀረቡ ምሳሌዎችን ቢያጠኑ ባነሰ ጊዜ ይማራሉ፤ ተመሳሳይ ጥያቄዎችንም ባነሰ ስሕተት ይሠራሉ። የዚያ ጥናት ጥቅም ግን መልካቸውን በለወጡ ጥያቄዎች ላይ አልታየም። እንግዲህ ሁለቱ የምርምር ዘርፎች የሚቃረኑ ሳይሆን የሚደጋገፉ ናቸው። ተሠርቶ የቀረበ ምሳሌና ጥቂት ወጥ መልመጃ ዘዴውን ያስጨብጣሉ፤ ስብጥሩ ደግሞ ዘዴውን መቼ መጠቀም እንደሚገባ ያስተምራል። የ2020ው ጥናት ስለ ሁለተኛው ደረጃ ብዙ ሲል፣ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው መቼ መሸጋገር እንደሚገባ ግን አይነግረንም። ይህን መወሰን የመምህሩ ፋንታ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ የስሕተት እርማት ነው። ስብጥር መልመጃ በባሕርዩ በልምምድ ጊዜ ስሕተትን ያበዛል። ስሕተቱ ቶሎ ከታረመ ያስተምራል፤ ሳይታረም ከቀረ ግን ይሰነብታል። ስለዚህ ዘዴው የሚሰጠው ጥቅም ከእርማቱ ተነጥሎ ሊታሰብ አይችልም።

ከክፍሎቻችን ሁኔታ አንጻር

በፍሎሪዳ የተገኘው ውጤት በኢትዮጵያ ክፍሎች ውስጥም እንዲሁ ይገኛል ብሎ ለመደምደም በቂ ምክንያት የለም። ይሁን እንጂ ጉዳዩ እኛን በቅርብ ይነካናል። የስምንተኛና የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዎች ጥያቄዎቻቸውን የሚያቀርቡት የምዕራፍ ርዕስ ሳይሰጡ፣ ልዩ ልዩ ትምህርቶችን ቀላቅለው ነው። ዓመቱን በሙሉ በወጥ መልመጃ የቆየ ተማሪ ዘዴ መምረጥን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክረው ዕጣው በሚወሰንበት ዕለት ይሆናል። ያን ጊዜ «ሒሳብ አይገባውም» ይባላል፤ እርሱም ስለ ራሱ ይህንኑ ያምናል። በእውነቱ ግን ያልተማረውን ተጠየቀ እንጂ አእምሮው አልከዳውም።

በሌላ በኩል ልንዘነጋው የማይገባ የቋንቋ ችግር አለ። በስብጥር መልመጃ ተማሪው ዘዴውን የሚመርጠው ጥያቄውን አንብቦ በመረዳት ብቻ ነው። በብዙ ክልሎች ግን ሒሳብ በሁለተኛ ደረጃ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ከላይ በጠቀስነው የቦይ ቁፋሮ ምሳሌ «በስንት ቀን» እና «በአንድ ቀን ስንት ሜትር» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት ያልገባው ተማሪ የሚሳሳተው በሒሳቡ ሳይሆን በቋንቋው ነው። በእንግሊዝኛ በሚማሩ ክፍሎች ስብጥር መልመጃ ሲሰጥ፣ ጥያቄውን በቃል ማብራራትና ቁልፍ የሆኑትን ቃላት አስቀድሞ ማስጠናት አስፈላጊ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ሐሳቦችን እናቀርባለን።

1ኛ/ መምህሩ የመጽሐፉን መታደስ ሳይጠብቅ ከመጽሐፉ መልመጃዎች ራሱ ሊያሰባጥር ይችላል። ለምሳሌ ከሚሰጣቸው አሥር የቤት ሥራ ጥያቄዎች አራቱ ከዕለቱ ትምህርት፣ ስድስቱ ካለፉት ምዕራፎች ቢሆኑ ሥራውም ወጪውም አይጨምርም። የተማሪ ቁጥር በበዛበት ክፍል ደግሞ ስሌቱን ሳያሠራ «ይህ ጥያቄ በየትኛው ዘዴ ይሠራል? ለምን?» ብሎ በቃል መጠየቅና መልሱን ወዲያው በጥቁር ሰሌዳ ማረም የእርማቱን ሸክም ያቀልለታል።

2ኛ/ የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች በየምዕራፉ መጨረሻ ካለፉት ምዕራፎች የተውጣጡ፣ ርዕስ የሌላቸው ጥያቄዎችን ማካተት ይገባቸዋል። ሮረርና ባልደረቦቹ በአገራቸው ስድስት የሒሳብ መጻሕፍትን ሲመረምሩ፣ ከ13 ሺህ ከሚበልጡት ጥያቄዎች ውስጥ የተሰባጠሩት ከ10 በመቶ በታች ሆነው አግኝተዋቸዋል። የኛም መጻሕፍት በዚሁ መንገድ ቢቆጠሩ አዘጋጆቹ ከምን እንደሚነሡ በግልጽ ያውቃሉ።

3ኛ/ የመምህራን ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ይህንኑ ሙከራ በአገራችን ክፍሎች፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋና በእንግሊዝኛ በሚማሩ ተማሪዎች ላይ ለየብቻ ሊደግሙት ይገባል። ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ ሙከራ አይደለም።

በጠቅላላው ሲታይ የሮረርና የባልደረቦቹ ጥናት በጥንቃቄ የተሠራና ድምዳሜውም ከማስረጃው ያላለፈ ነው። ትልቁ አስተዋጽኦው መምህሩ ሥራውን የሚመዝንበትን ሚዛን እንዲመረምር ማስገደዱ ነው። ትምህርቱ በተሰጠበት ዕለት ተማሪዎቹ ሁሉንም ጥያቄ በትክክል ሠርተው የወጡበት ክፍለ ጊዜ የተሳካ ይመስላል፤ እየተሳሳቱ፣ እየጠየቁና እየታረሙ የወጡበት ደግሞ የከሸፈ ይመስላል። የተማሪዎቹን ዕውቀት ከአንድ ወር በኋላ ሳይፈትን በሁለቱ ላይ የሚፈርድ መምህር ግን ፍርዱ ብዙ ጊዜ ሊገለበጥበት ይችላል።