«ማስተካከል» ብቻውን አይበቃም፤ በጥምር መጋዝ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ በመመለስ ሥራ ውስጥ አንድ ሥር የሰደደ ልማድ አለ። ተርጓሚው በባዕዱ ቋንቋ ተለያይተው የሚያገኛቸውን ግሦች በአንድ ሰፊ የአማርኛ ግሥ ይመልሳቸዋል። ዐረፍተ ነገሩ ያለ እንከን ይነበባል፤ ሠራተኛው ግን ምን እንዲሠራ እንደታዘዘ ሳያውቅ ይቀራል። ይህን ልማድ ለመመርመር የመረጥነው ትንሽ የሚመስል ነገር ነው፤ ይኸውም እንጨትን በሁለት አቅጣጫ አጋድሎ የሚቆርጠውን ባለ ሞተር መጋዝ ለሥራ የማዘጋጀቱ ተግባር ነው። ይህን መጋዝ «ጥምር መጋዝ» እንለዋለን።

ጥምር የተባለበት ምክንያት ግልጽ ነው። ገበታው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ምላጩ ደግሞ ከቁመቱ ወደ ጎን ያዘነብላል። ሁለቱን መጠኖች «ማዕዘን» ብሎ መተርጎም ይቀናል። ነገር ግን ማዕዘን በአማርኛ የቤት ጥግም ነው፤ የሁለት መስመሮች መጋጠሚያ ስፋትም ነው። ለምሳሌ በግድግዳና በጣሪያ መጋጠሚያ ላይ፣ ጀርባው ከግድግዳው 38 ዲግሪ ተጋድሞ የሚገጠም ጌጠኛ ጣውላ እንውሰድ። ጣውላው በገበታው ላይ ተኝቶ ሲቆረጥ፣ በ90 ዲግሪ ጥግ ላይ እንዲገጥም ገበታው 31.6፣ ምላጩ 33.9 ዲግሪ መያዝ አለባቸው። «ማዕዘኑን 31.6፣ ማዕዘኑን 33.9 አድርግ» የሚል ትርጉም ቁጥሮቹን ያቀያይራል። ልዩነታቸው በዓይን አይለይም፤ ጣውላው ግን አይገጥምም። ጣውላውን ራሱን «ኮርኒስ» ማለትም ሌላ ስሕተት ያመጣል፤ ቃሉ በእኛ አጠቃቀም ጣሪያውን ከውስጥ የሚሸፍነውን ክፍል እንጂ የጥጉን ጌጥ አያመለክትምና። ስለዚህ ለገበታው «ዙረት»፣ ለምላጩ «ዝንባሌ» ብንል አሻሚነቱ ይወገዳል።

ዋናው ችግር ግን በግሡ ላይ ነው። «አስተካከለ» ከ«ተካከለ» የመጣ ሲሆን መሠረታዊ ሐሳቡ እኩል ማድረግ ነው። በመጋዙ ላይ ግን አራት የተለያዩ ሥራዎች አሉ። የመጀመሪያው መጋዙ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ፣ ምላጩ ከእንጨት መደገፊያው ጋር 90 ዲግሪ መሆኑን በስኳድራ ማየት ነው፤ ስኳድራውም የምላጩን ገጽ እንጂ ጥርሱን መንካት የለበትም። ሁለተኛው የመደገፊያውን ብሎኖች አላልቶ ከምላጩ ጋር በልኩ ማቆም ነው። ሦስተኛው የዲግሪ አመልካቹን ዜሮ ላይ ማዋል ነው። አራተኛው ለሚቆረጠው እንጨት የሚፈለገውን ዲግሪ መምረጥ ነው። አራቱንም «አስተካክል» ካልናቸው ሠራተኛው ቀላሉን ያነሣል፤ መደገፊያው እንደተጣመመ አመልካቹን ዜሮ ላይ ያደርጋል። ስሕተቱ ከዚያ በኋላ በትክክለኛ ቁጥር ተሸፍኖ ይኖራል።

ጉዳቱ ሊሰላ የሚችል ነው። አራት ጥግ ያለው የመስኮት ክፈፍ ስምንት ቁርጥ ይጠይቃል። እያንዳንዱ ቁርጥ ወደ አንድ ወገን ግማሽ ዲግሪ ቢስት ድምሩ 4 ዲግሪ ይሆናል። 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጣውላ ላይ ግማሽ ዲግሪ 0.9 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ነው። የክፈፉ የመጨረሻ ጥግ አይዘጋም፤ የተቆረጠውም እንጨት አይመለስም።

ነገሩ በነቀምቴና በሌሎች የወለጋ ከተሞች ይበልጥ ይከብዳል። በእነዚህ ከተሞች በአማርኛ የተጻፈ መመሪያ በቃል ወደ ኦሮምኛ ሊመለስ ይችላል። ኦሮምኛ ደግሞ «ሲሬሱ» (ማረም)፣ «ቂጤሱ» (እኩል ማድረግ)፣ «ቀጄልቹ» (ማቅናት) እያለ ይለያል። አማርኛው አንድ ያደረገውን ሁለተኛው ተርጓሚ ከየት አምጥቶ ይለየው? ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሶ በ1899 እ.ኤ.አ. አሳትሟል፤ በ1931 እ.ኤ.አ. ያረፈውም በነቀምቴ ነው። የትርጉም ሥራ እንዲህ ያለ ታሪክ ባለው አገር በመካከለኛው ቋንቋ ቸልተኝነት ልዩነት ቢጠፋ የሚያሳዝን ነው።

«አናጢው በእጁ ያውቀዋል፤ ቃሉ ምን ይጨምርለታል?» የሚሉ ይኖራሉ። ለባለሙያው አባባሉ እውነት ነው። መመሪያ የሚጻፈው ግን በአመዛኙ ገና ለሚማረው ነው። ሌሎች ደግሞ አዲስ ቃል መፍጠር ይበዛል ይሉ ይሆናል። እኛ ግን አዲስ ግሥ አልፈጠርንም። ለመጀመሪያው ሥራ «መፈተሽ»፣ ለሁለተኛው «ማቅናት»፣ ለሦስተኛው «ልክ ማስያዝ»፣ ለአራተኛው «መመጠን» እንዲሆን እናሳስባለን። ሁሉም በሕዝቡ አፍ ያሉ ናቸው። ስኳድራንና ብሎንን የመሳሰሉ፣ ሠራተኛው የለመዳቸው ውሰት ቃላትም ባሉበት ይቆዩ።

ስያሜ የሚፈተነው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ብቻ አይደለም። ሰፋ ያለ ጣውላ በዜሮ ዲግሪ ይቆረጥ፤ ከሁለቱ ክፋዮች አንዱ ተገልብጦ ከሌላው ጋር ይጋጠም። በመካከል የሚታየው ክፍተት የመጋዙን ስሕተት እጥፍ አድርጎ ያሳያል። መመሪያውን አንብቦ ክፍተቱን ያየው ሰው መደገፊያውን ካቀና ትርጉሙ ሠምሯል፤ አመልካቹን ካንቀሳቀሰ ግን መታረም ያለበት በቅድሚያ የእኛ ቃል ነው።