«ጃጁ» ከማለታችን በፊት

ልጅቷ የጠራችኝ በበዓለ ሃምሳ ነበር። «እናቴ ጃጅታለች መሰለኝ፤ እስቲ መጥተሽ እያት» አለችኝ በስልክ። ቤታቸው ከሰባተኛ ሰፈር ገባ ብሎ፣ አራት አባወራ አንድ ግቢ የሚጋራበት የቀበሌ ቤት ነው። ልጅቷ ጠዋት ወጥታ መርካቶ ሱቅ ትከፍታለች፤ ማታ ስትመለስ እናቷን አልጋ ጠርዝ ላይ እንደተቀመጡ ታገኛቸዋለች። ሦስት ቀን ሆኗቸው ነበር ነገር ማቀላቀል ከጀመሩ። ከሞቱ ዓመታት ያለፋቸውን ባለቤታቸውን «እስካሁን አልገባም እንዴ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ውኃ ሲሰጧቸው ደግሞ «ጾም ላይ ነኝ» ብለው ይመልሳሉ። «በበዓለ ሃምሳ ማን ይጾማል?» አለች ልጅቷ። ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለጋትም።

እኔ ያን ጊዜ የአረጋውያን እንክብካቤ ከተማርኩ ብዙም አልቆየሁም ነበር። የተማርኩትም እዚህ ልሠራበት ብዬ አይደለም፤ ዓረብ አገር ለመሄድ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ተጓዡ ቢያንስ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ የያዘ እንዲሆን ይጠይቅ ስለነበር፣ የሰፈራችን ልጆች ሁላችንም «ሲኦሲ» እያልን ለፈተናው እንሯሯጥ ነበር። እኔ አለፍኩ፤ ጉዞዬን ግን ኮሮና አስቀረው። ወረቀቴን ይዤ ሰፈሬ ቀረሁ።

ሥልጠናው መጥፎ አልነበረም። አልጋ ላይ የተኛ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ነበረን፤ እሱን ስናገላብጥ፣ ስናጥብና ስናለብስ እንውላለን። ራሱን ማዞር የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ እንደሚገላበጥ የተማርኩት እዚያ ነው፤ ተረከዙና ዳሌው ፍራሹ ላይ ተጭኖ ከቆየ ደም አይደርሰውም፣ ሥጋው መሞት ይጀምራል፣ የአልጋ ቁስል የሚባለው ይመጣል። አንድ ጎኑ የማይታዘዝለትን ሰው ስታለብሱ ከደከመው እጅ ጀምሩ፣ ስታወልቁ ከጤነኛው እጅ ጀምሩ ተባልን። ሰውን በብብቱ ይዞ መጎተት ትከሻ ሊያወልቅ ይችላል። ተኝቶ የጎረሰ ሰው ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባበት ስለሚችል ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ከበላም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይቆይ አይተኛም። ይህን ሁሉ ዛሬም በየቀኑ እሠራበታለሁ።

አሻንጉሊቱ ግን አያፍርም። ልብሱን ብትገልጡት ፊቱን አያዞርም፤ ሽንቱ ቢመጣ ማንን ላስቸግር ብሎ አይጨነቅም። የሥልጠናው ጉድለት እዚህ ላይ እንደሆነ የገባኝ እኚያ እናት ቤት ነው።

ስደርስ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ ምላሳቸው ደርቋል። ምንም ሳልጠይቅ መጀመሪያ ግቢውን ዞር ብዬ አየሁት። ሽንት ቤቱ ከግቢው ጥግ ነው፣ አራቱም ቤት ይጠቀምበታል። ለመድረስ የሚያንሸራትት ድንጋይና አንድ ከፍ ያለ ደረጃ ማለፍ አለ፤ መብራት የለውም። ተመልሼ አጠገባቸው ቁጭ አልኩና፣ ልጅቷ ቡና ልታፈላ ወጣ ስትል ጠብቄ፣ «እማማ፣ ሌሊት ሲነሱ ማን ይዞዎት ይወጣል?» አልኳቸው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ደክሟት ነው የምትተኛው፤ እንዴት ብዬ ልቀስቅሳት?» አሉኝ።

ነገሩ ተፈታ። ላለመነሳት ሲሉ ውኃ ተዉ፤ ለምን አይጠጡም እንዳይባሉ ጾም አሉ። ጾሙ የጃጀ ሰው ቃል አልነበረም፤ ልጇን ማስቸገር ያልፈለገች እናት ሰበብ ነበር። መቀላቀሉ ግን እውነት ነው፤ እሱን ያመጣው ደግሞ ዕድሜያቸው ሳይሆን የውኃው እጦት ነበር። ሰው ሲያረጅ የጥማት ስሜቱ ራሱ ይቀንሳል፤ በዚያ ላይ ውኃ ከተወ ሰውነቱ ይደርቃል፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊከተል፣ አእምሮውም ሊታወክ ይችላል። ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፤ ኢንፌክሽኑ ተገኘ፣ ታከሙ። በሳምንቱ ስመለስ «አንቺ ልጅ፣ ለዚህ ሥራ ስንት ይከፍሉሻል?» ብለው ያፋጥጡኝ ጀመር።

ከዚያ ወዲህ ለቤተሰብ ሁሉ የምነግረው አንድ ነገር አለ። በቀናት ውስጥ የመጣ መቀላቀል ሕመም ነው፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ነው። በወራትና በዓመታት እየተንፏቀቀ የሚመጣው የመርሳት ችግር ሌላ ነው፤ እሱም ቢሆን ምርመራ እንጂ ስም መለጠፍ አይፈልግም። «ጃጁ» የምትለዋ ቃል ጉዳቷ ምርመራውን ማስቀረቷ ነው።

መድኃኒቱ ብቻውን ግን ዋጋ አልነበረውም፤ ሽንት ቤቱ ያው እዚያው ጥግ ነው። ልጅቷ ምናለሽ ተራ ሄዳ አሮጌ የብረት ወንበር ገዛች። እዚያው አንድ በያጅ መቀመጫውን ክብ አድርጎ ቆረጠላትና ከሥሩ ባልዲ የሚገባበት ማቀፊያ በየደለት። ወንበሩን ከአልጋቸው ጎን አኑረን መጋረጃ ጋረድንበት። እናትየው ማንንም ሳይቀሰቅሱ መነሳት ቻሉ፤ «ጾሙም» በዚያው ተፈታ።

እኔም ሳላጠፋ አልተማርኩም። አንድ ሐጂ ጋ በምሄድበት ጊዜ፣ እንግዶች ተቀምጠው ሳለ «ሐጂ፣ ሽንት መጣዎት?» አልኳቸው፤ ያውም ጮክ ብዬ። ሁለት ቀን አላናገሩኝም። ሽንት ላመለጠው ሰጋጅ ነገሩ የልብስ መርጠብ ብቻ አይደለም፤ ውዱው ይፈርሳል፣ ሶላቱን እንደገና ንጹሕ ሆኖ መቆም አለበት። ኋላ ላይ ዘዴው ገባኝ። ከአንዋር መስጊድ አዛን ከመሰማቱ በፊት ፖፖውን አቀርባለሁ፣ የውዱ ውኃ በማንቆርቆሪያ አስቀምጣለሁ፣ በሩን መለስ አድርጌ እወጣለሁ። ቃል አንተነፍስም። ይሉኝታ ያለበትን ሰው ፍላጎቱን እንዲናገር ማስገደድ ሙያ አይደለም፤ ሙያው ሳይናገር እንዲሟላለት ማድረግ ነው። ሥልጠና ላይ «ተገልጋይ» እንል ነበር። መርካቶ ውስጥ ግን ተገልጋይ የሚባል ሰው አላጋጠመኝም፤ ያሉት ሐጂ፣ እማማ፣ ጋሼ፣ እማሆይ ናቸው። ከመጠሪያቸው ካልጀመርኩ እጃቸውን አይሰጡኝም።

አቶ ቢንያም በለጠ የመሠረቱት መቄዶንያ የአረጋውያን መርጃ ማዕከል «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» ይላል። የወደቀን አረጋዊ ከመንገድ ለማንሳት እውነት ነው፤ ስንቱን ሰው ያንቀሳቀሰ ቃል ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምርበት። ሰው መሆን ወደ አልጋው ያደርሳል፤ አልጋው አጠገብ ከደረሱ በኋላ መማር ያስፈልጋል። እናቷን የምትወደው ያች ልጅ ውኃውን በፍቅር ነበር የምታቀርበው፤ ለምን እንደማይጠጣ ግን ፍቅሯ አልነገራትም። እኛ ደግሞ ለሰው አገር እናት ወረቀት እንድናወጣ በአዋጅ ስንጠየቅ፣ የራሳችንን እናት እንዴት እንደምናነሳ የጠየቀን አልነበረም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንደሚደግፍ ይናገራል። መልካም ነው፤ ሽንት ግን አቅም እስኪፈቅድ አይጠብቅም። ከመንግሥት በፊት ደጃችን ላይ ያለው ዕድር ነው። በኤች አይ ቪ ክፉ ዘመን አንዳንድ የአዲስ አበባ ዕድሮች ከመቅበር አልፈው በየቤቱ ሕሙማንን ደግፈዋል፤ አዲስ ነገር እየጠየቅኩ አይደለም። የዕድራችን ዕቃ ቤት ድንኳን አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ብረት ድስትና ሳህን አለ። ሁሉም የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው። የዕድር ዳኞች ሆይ፣ ከድንኳኑ አጠገብ መቀመጫው የተቆረጠ ሁለት ወንበር አስቀምጡ፤ አባሉ በሕይወት ሳለ ይዋሰው።