ሜዳይ የማይሸለምበት የጀግንነት መጽሐፍ

በዚህ እትም የሂስ ዓምዳችን የሚመለከተው በመጠለያችን ንባብ ቤት ካሉት ጥቂት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት አንዱን ነው። ደራሲው አሜሪካዊው ስቴፈን ክሬን ነው፤ መጽሐፉም በ1895 ዓ.ም. የታተመ ልብ ወለድ ሲሆን፣ አርእስቱን «ቀዩ የጀግንነት ምልክት» ብለን መልሰነዋል። (ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።) አርእስቱን ብቻ አይቶ ስለ ጀብዱና ስለ ኒሻን የሚተርክ መጽሐፍ ያገኘ የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። መጽሐፉ ግን አንድም ሰው ሜዳይ ሳይሸለምበት ያልቃል።

ታሪኩ አጭር ነው። ሄንሪ ፍሌሚንግ የተባለ የገበሬ ልጅ እናቱ ሳትወድለት በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለሰሜኑ ወገን ይዘምታል። የመጀመሪያውን ጥቃት ከጓዶቹ ጋር ሆኖ ይመክታል፤ ጠላት ዳግመኛ ሲመጣ ግን ጠመንጃውን ጥሎ ይሸሻል። በሽሽቱ መካከል ከቁስለኞች ሰልፍ ጋር ይቀላቀላል። ልብሱ የተቦጫጨቀ አንድ ቁስለኛ በወዳጅነት ተጠግቶ የት ላይ እንደተመታ ይጠይቀዋል። ሄንሪ መልስ የለውም። ኋላም ያ ሰው ደክሞ አእምሮው ሲዋዥቅ፣ ሄንሪ ሜዳ ላይ ትቶት ይሄዳል። የራሱን ቁስል የሚያገኘው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም ከጠላት ሳይሆን በድንጋጤ ከሚሸሽ የገዛ ወገኑ ወታደር፣ በጠመንጃ ሰደፍ። ወደ ሬጅመንቱ ሲመለስ በጥይት ተመታሁ ይላል። ዊልሰን የተባለው ጓዱ ቁስሉን አስሮለት ብርድ ልብሱን ይለቅለታል። ቀዩ ምልክት እንግዲህ ይኸው ነው።

በማግስቱ ሄንሪ እንደ አውሬ ይዋጋል፤ የወደቀውንም ሰንደቅ ዓላማ ያነሣል። ዊልሰን የጠላትን ሰንደቅ ይማርካል፤ አዛዦችም ሁለቱን ያመሰግኗቸዋል። እዚህ ላይ ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። የአሜሪካ ኮንግረስ «የክብር ሜዳይ» የተባለውን ሽልማት ያቋቋመው በዚሁ ጦርነት ጊዜ ነው፤ ለባሕር ኃይል በ1861፣ ለምድር ጦር በ1862። በዚያ ጦርነት የጠላትን ሰንደቅ መማረክ ብዙዎችን ለዚህ ሜዳይ ያበቃ ጀብዱ ነበር። ደራሲው ግን ሰንደቁን በዊልሰን እጅ አስይዞ፣ ስለ ሽልማት ሳያነሣ ያልፋል። ይህን ከመጽሐፉ ብርታት አንዱ አድርገን እንቆጥረዋለን። ሜዳይ ቢሰጥ ኖሮ ሂሳቡ ተዘጋ ብለን መጽሐፉን በከደንነው ነበር።

ሜዳይ ሂሳብ እንደማይዘጋ ያው ጦርነት ራሱ አስተምሯል። በ1863 የ27ኛው የሜይን ሬጅመንት የአገልግሎት ዘመን ሲያበቃ፣ ዋሽንግተንን ለመጠበቅ ለሚቆዩት ሜዳይ እንደሚሰጣቸው ተነገረ። የቆዩት ሦስት መቶ ያህል ሲሆኑ፣ የተዘጋጀው ሜዳይ 864 ሆነ። በ1917 ጉዳዩን የመረመረ ቦርድ የ911 ተሸላሚዎችን ስም ከመዝገብ ሲሰርዝ፣ የዚያ ሬጅመንት 864 ስሞች አብረው ተሰረዙ። መዝገብ የሰጠውን መዝገብ ይነሣል።

ወደ ራሳችን ባህል እንመለስ። በጥንቱ ሥርዓት ተዋጊው ግዳዩን ጥሎ በጌታው ፊት ሲፎክር፣ ዙሪያውን የሚቆሙት አብረውት የዋሉት ነበሩ፤ ያልሠራውን ሠራሁ ቢል የሚያፍረው እዚያው ነው። ሜዳይ ግን ከጽሕፈት ቤት በወረቀት ይመጣል። በዚህ ረገድ ፉከራ ይበልጣል እንላለን። ሆኖም ፉከራውም ሆነ የሽልማቱ ወረቀት አንድ የጋራ ጉድለት አላቸው፤ ሜዳ ላይ ስለ ተተወው ሰው አይናገሩም። ሄንሪን በድሉ ቀን የሚያሳድደው ግን ሽሽቱ ብቻ ሳይሆን ያ የተቦጫጨቀ ልብስ የለበሰው ቁስለኛ ነው። የመጽሐፉ እውነተኛ ዳኛ እርሱ ነው።

ጉድለት የለውም ማለታችን አይደለም። ጦርነቱ የተነሣው በባርነት ምክንያት ሆኖ ሳለ፣ ባርነት በመጽሐፉ አይነሣም። ጥቁር ሰው ብቅ የሚለው መጀመሪያ ገጾች ላይ ብቻ ነው፤ በሣጥን ላይ ቆሞ ለወታደሮች የሚጨፍር ጋሪ ነጂ ነው፤ አዲስ ወሬ ሲመጣ ተመልካቾቹ ጥለውት ይሄዳሉ። ደራሲው ይህን ሁለተኛ የተተወ ሰው ልብ አላለውም። መጨረሻውም ያከራክራል፤ ሄንሪ ኃጢአቱን ከራሱ አርቆ ሙሉ ሰው ሆንሁ ሲል፣ ደራሲው ያምነዋል ወይስ ይስቅበታል? እኛ ይስቅበታል ባዮች ነን።

ይህን ሁሉ የምንለው ለዚህች በእጅ ለምትገለበጥ መጽሔታችን ስለሚመጡት ጽሑፎች ስንል ነው። በመካከላችን በተለያየ ወገን የተዋጉ አሉ። በ1991 የደርግ ጦር ሲበተን ሜዳዩን በጨርቅ ጠቅልሎ የተሰደደ አለ፤ ያንኑ ሜዳይ ያስገኘው ውጊያ ወንድሙን የነጠቀው ሰውም ከዚያው የውኃ ወረፋ ላይ ይቆማል። ከሚደርሱን ታሪኮች ግን በአብዛኞቹ ተራኪው ከምሽጉ መጨረሻ የወጣ ነው። ሁሉም መጨረሻ ከወጣ መጀመሪያ የወጣው ማን ነው? ጉዳዩ የሥነ ጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ ልጃቸው የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ የሚጠይቁ እናቶች አሉን፤ መልሱ ያለው ደግሞ ለወሬ ነጋሪነት በተረፈው ሰው ዘንድ ነው።

ስለዚህ ጸሐፊዎቻችንን የምንለምነው ጀብዱ እንዲቀንሱ አይደለም። ጀግንነት አለ፤ በዓይናችን አይተናል። የምንለምነው ከኋላ የቀረውን ሰው ከታሪኩ እንዳያወጡት ነው። ጦር ሜዳ ያላያችሁ፣ እዚሁ መጠለያ የተወለዳችሁ ወጣቶችም አትፍሩ፤ ክሬን የተወለደው በ1871፣ ጦርነቱ ካበቃ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው፤ መጽሐፉን ሲጽፍም ጦርነት አላየም ነበር። መጽሐፉ ከንባብ ቤቱ ይገኛል፤ እንግሊዝኛ ለማያነብ ጎረቤት እያነበባችሁ ተርጉሙለት፤ በሂሳችን የማይስማማም መልሱን ይላክልን።