የሦስት ቀን ጉዞ በዘመናት ውስጥ፦ የሰሌዳ ጨዋታ ስለ ታሪክ ምን ያስተምራል?

እ.ኤ.አ. በ2022 አንደርዶግ ጌምስ የተባለ የአሜሪካ አሳታሚ “ትሬኪንግ ስሩ ሂስትሪ” የተሰኘ የሰሌዳ ጨዋታ ለገበያ አቀረበ። የጨዋታው ፈጣሪ ቻርሊ ቢንክ ከዚያ በፊት አንዱን በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች፣ ሌላውን በዓለም ዙሪያ በሚደረግ ጉዞ ላይ የተመሠረቱ ሁለት ጨዋታዎችን ሠርቷል። በሦስተኛው ጉዞው ከቦታ ወደ ዘመን ተሻገረ። ከሁለት እስከ አራት የሚሆኑ ተጫዋቾች የጊዜ መንኮራኩር ተሳፍረው የሰው ልጅን ታሪክ ለሦስት ቀን ይጎበኛሉ። የታሰበውም ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እንዲጫወቱት ነው።

እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች ሲገመገሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የሥዕሎቻቸው ውበትና በካርዶቹ ላይ የሰፈረው መረጃ ነው። የእኔ መከራከሪያ ግን መመዘን ያለበት ደንቡ ነው የሚል ነው። ልጅ ካርድ ላይ ያነበበውን ሊረሳው ይችላል። በየተራው እየደጋገመ የሚፈጽመው ደንብ ግን ከአእምሮው አይጠፋም፤ ጊዜ ምን እንደሆነ፣ ትናንት ከዛሬ ጋር በምን እንደሚያያዝ የሚነግረው እሱ ነው።

ደንቡን ቀረብ ብለን እንየው። በሰሌዳው ላይ ስድስት ካርዶች ይዘረጋሉ። እያንዳንዱ ካርድ አንድ የታሪክ ክስተት፣ ክስተቱ የተፈጸመበት ዓመትና ጉብኝቱ የሚወስደው ሰዓት አለው። ተጫዋቹ ካርድ ሲያነሣ ጠቋሚው አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ሰሌዳ ላይ ያንኑ ያህል ወደፊት ይሄዳል። ተራ የሚደርሰው ደግሞ በሰዓት ወደ ኋላ ለቀረው ነው። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያስጨንቀው ግን ካርዶቹ የግድ በዘመን ቅደም ተከተል መደርደራቸው ነው። የሚቀጥለው ካርድ ከቀደመው በኋላ የሆነ ካልሆነ ጉዞው ይቋረጥና አዲስ ይጀመራል። ረጅም ጉዞ ደግሞ ብዙ ነጥብ ያስገኛል።

የአንዲት ልጅ የመጨረሻ ካርድ የ1492 ነው እንበል። ከፊቷ ሁለት የሚስቧት ካርዶች አሉ፤ አንዱ የ1510፣ ሌላው የ1903። የ1903ቱ የሚወስደው ሰዓት ትንሽ ስለሆነ ርካሽ ይመስላል። እሱን ካነሣች ግን በመካከል ያሉትን ከአራት መቶ የሚበልጡ ዓመታት በገዛ እጇ ዘጋቻቸው። ከዚያ በኋላ ሰሌዳው ላይ የሚወጣ የ1600 ወይም የ1780 ካርድ ለዚያ ጉዞዋ አይሆናትም። ስለዚህ ገና እጇን ሳትዘረጋ የዘመኑን ርቀት ትመዝናለች። “ይኼ ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ?” የሚለው ጥያቄ የፈተና ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የራሷ ጉዳይ ይሆናል። ጨዋታው ያስገኘው ትልቅ ነገር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌይን በ1883 በኒው ዮርክ ግዛት፣ ኤልማይራ አጠገብ በሚገኘው የበጋ ማረፊያው ልጆቹ የእንግሊዝ ነገሥታትን ዘመን መያዝ ቢያቅታቸው መንገዱ ላይ ችካል ተከለላቸው። አንድ ዓመት በአንድ ጫማ ተሰፍሮ ከ1066 እስከ 1883 ያለው ዘመን 817 ጫማ ወሰደ። የሦስተኛው ጆርጅ የንግሥና ዘመን ስድሳ ጫማ ያህል የሚያስኬድ ሲሆን፣ የሦስተኛው ሪቻርድ ሁለት ዓመት በአንድ እርምጃ ያልቃል። ልጆቹ ዘመኑን በእግራቸው ለኩት። ትዌይን በኋላ ይህንኑ ወደ ሰሌዳ ጨዋታ ለውጦ በ1885 የፈጠራ መብት አስመዘገበበት፤ ጨዋታው በገበያ ግን አልቀናውም። ምክንያቱ በግልጽ የሚታይ ይመስለኛል። መንገዱ ላይ ርቀቱን እግር ይናገር ነበር። ሰሌዳው ላይ ግን ነጥብ የሚያገኘው ዓመተ ምሕረቱን አስቀድሞ በቃሉ የያዘ ሰው ብቻ ነበር። የቢንክ ጨዋታ ዓመቱን ካርዱ ላይ ጽፎ ከሽምደዳ ይገላግላል፤ ለተጫዋቹ የሚተውለት ርቀቱን መመዘን ነው። በዚህ ከትዌይን ሰሌዳ ይልቅ ለትዌይን መንገድ ይቀርባል።

ይሁንና ቅደም ተከተል የታሪክ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ምክንያትና ውጤት ሲሆን፣ የቢንክ ጨዋታ ይህን በደንቡ ውስጥ አላስገባውም። ተጓዡ ይመጣል፣ ያያል፣ ይሄዳል። አንዱ ካርድ ሌላውን አይወልድም፤ የሚያያይዛቸው ዓመታቸውና የሚያስገኙት ነጥብ ብቻ ነው። የሕትመት መሣሪያ ባይፈጠር በኋላ የመጣው ምን ይሆን ነበር ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ከደንቡ መልስ አያገኝም። ታሪክ እንደ ሱቅ መስኮት ዕቃ ጎን ለጎን ተደርድሮ ይቀርብለታል።

ይህን ጉድለት የሚያሳየን ከእሱ ሃያ ሁለት ዓመት ቀድሞ የወጣ ሌላ ጨዋታ ነው። የአንድሩ ሉኒ “ክሮኖኖትስ” እ.ኤ.አ. በ2000 ታተመ። ከ1865 እስከ 1999 ያለው ዘመን በ32 ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል። ተጫዋቹ አንድ ወሳኝ ካርድ ሲገለብጥ፣ ለምሳሌ ሊንከን ወይም ኬኔዲ ከግድያ ሲተርፍ፣ በዚያ ላይ የተመሠረቱ የኋላ ካርዶችም ይገለበጡና ተቃርኖ ይፈጠራል። ተቃርኖው ሳይጠገን 13 ከደረሰ ዓለም ይጠፋል፤ ሁሉም ተጫዋች ይሸነፋል። ምክንያትና ውጤት እዚህ የደንቡ እምብርት ነው።

ግን የማን ምክንያት፣ የማን ውጤት? የ1936ቱን ካርድ እንመልከት። በአንድ ገጹ የበርሊን ኦሊምፒክ አለ፤ ሲገለበጥ ሂትለር ተገድሏል። ካርዱ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባው በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ነው። ሰኔ 30 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት አሉ። ኦሊምፒኩ የተከፈተው ከዚያ ወር ቆይቶ ነሐሴ 1 ቀን ነው (ወራቱ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። የጋራ ጸጥታ የተባለው ቃል ኪዳን የከሸፈበት ዓመት ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣው ጦርነትም ያለዚህ ክሽፈት አይተረክም። የዘመኑ ማጠፊያ ተደርጎ የተመረጠው ግን የአንድ ሰው ሞት ነው። የታሪክ ጨዋታ ካርድ ሲመርጥ ዳኝነት እየሰጠ ነው፤ ልጆችም ዳኝነቱን ሳይጠይቁ ይቀበላሉ።

እኛ ደንቡ ውጤትን የሚያስተምር ጨዋታ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ የለብንም። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚታወቁ በርካታ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግቧል። በገበጣ ከአንድ ጉድጓድ የተነሣ ጠጠር በየጉድጓዱ እየተዘራ ይሄዳል፤ አሁን የጣልኩት ጠጠር ከጥቂት ተራ በኋላ ለባላጋራዬ መነሻ ሊሆነው ይችላል። ስለ ታሪክ አንድም ቃል አይናገርም፤ ድርጊት ከአድራጊው አልፎ እንደሚሄድ ግን ያሳያል።

ስለዚህ ብይኔ ይህ ነው፤ “ትሬኪንግ ስሩ ሂስትሪ” ከዘመን ርቀት ጋር ለማስተዋወቅ እጅግ ጥሩ ጨዋታ ነው፤ አንድ ቤተሰብ ቢገዛው አይቆጭም። ከታሪክ ጋር ለማስተዋወቅ ግን ብቻውን አይበቃም። ለአማርኛ ተናጋሪ ልጆች እንዲህ ያለ ጨዋታ ለመሥራት የሚያስቡ ባለሙያዎችን የምለምነው ከሥዕሉ በፊት ከደንቡ እንዲጀምሩ ነው። በእኛ አቆጣጠር የ1928ቱ ወረራ ካርድ የ1888ቱ አድዋ ካርድ ሳይቀድመው እንዳይነሣ የሚያደርግ ደንብ ይጻፉ፤ የአድዋ ቂም ከአርባ ዓመት በኋላ ይዞ የመጣውን ልጆቹ በእጃቸው ያገኙታል። በየካርዱ ላይም ሁለቱ የዘመን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ይታተሙ፤ በውጭ አገር ትምህርት ቤት 1936 የሚል ልጅ አያቱ 1928 ሲሉ ስለ አንድ ዓመት እንደሚያወሩ ይወቅ።